ከቀበና እስከ ጅቡቲ፤ መንገደኛውም ጭነቱም በምን ይጓዝ?

ከእንጦጦ ተራራ ወርዶ በቀበና ድልድይ ሥር የሚያልፈው ወንዝ መጨረሻው የት እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ የሠፈሩ ነዋሪ ብዙ አይመስለንም። የቀበና ውሃ ከከተማው በታች ከትልቁ አቃቂ ጋር ይቀላቀላል፤ አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል አልፎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ቆቃን፣ መተሐራንና የአፋርን ሜዳ አቋርጦ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ውሃው ጎረቤት አገር ደጃፍ ድረስ ሄዶ ባሕሩን ሳያይ ይጠፋል ማለት ነው። ሰውና ጭነት ግን ባሕሩ ዳር መድረስ አለባቸው። በምን ይድረሱ? የሚለው ጥያቄ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚያደርሱ ሦስት መንገዶች አሉ፤ የሰማይ፣ የሐዲድና የአስፋልት። አራተኛም አለ፤ እርሱም የእግር ነው። ስለ እርሱ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

የገጠር ልማት ገጽ ስለ አገር ተሻጋሪ ጉዞ ማንሳቱ አንዳንድ አንባቢዎችን ሊያስገርም ይችላል። ነገር ግን ለጎጃም በቆሎና ለአድአ ጤፍ የሚሆነው ማዳበሪያ የሚገባው፣ የሐረርጌ ድንችና ሽንኩርት፣ የአዳማ አካባቢ ቦሎቄና የየአውራጃው ቡና የሚወጡት በዚሁ በር ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣና አሰብ ከተዘጋ ወዲህ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ከመቶው ከዘጠና እጅ በላይ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ስለዚህ የመጓጓዣው ምርጫ የተሳፋሪው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገበሬው የዘር ወቅት ጉዳይም ነው።

ከግመል እስከ ሐዲድ

ዛሬ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ ትናንት ስንት ይፈጅ እንደነበረ ማስታወሱ አይከፋም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን ትቶ በነጋዴነት በተሠማራበት ዘመን፣ በ1879 ዓ.ም. ጠመንጃ በግመል ጭኖ ዛሬ በጅቡቲ ግዛት ውስጥ ከምትገኘው ከታጁራ ተነሣ። አንኮበር የገባው ከአራት ወር ገደማ በኋላ ነበር። ንጉሥ ምኒልክን ግን አንኮበር አላገኛቸውም፤ ዕቃውን ያስረከበውና ሒሳቡን የተከራከረው እዚሁ ከእኛ ራስጌ፣ እንጦጦ ላይ ነው። ያሰበውንም ያህል አላተረፈም። ከእንጦጦ ተነሥቶ ሐረር ለመግባት ደግሞ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀበት። ያን ጊዜ ምርጫው በግመልና በበቅሎ መካከል ነበር፤ ቆላውን ግመል፣ ደጋውን በቅሎ ይችለው ነበርና ነጋዴው በመካከሉ ጭነቱን አራግፎ እንደገና መጫን ነበረበት። ይህ የማራገፍና የመጫን ጣጣ መልኩን ለውጦ እስከ ዛሬ አልተወንም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከምትባለው ስፍራ ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ለማድረስ ነበር፤ ተራራው ግን ለሐዲዱ አልተመቸም፤ ሐዲዱም በሜዳው ቀርቶ አዲስ ከተማ ወለደ። ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ሥራው ለጥቂት ዓመታት ቆመ፤ ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከመጀመሪያው ቁፋሮ ሃያ ዓመት ያህል መሆኑ ነው።

የቀበና ሰው የዚህን ታሪክ አንድ ጫፍ በየቀኑ ሲጠራ ይውላል። ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት ለለጋሲዮን የሰጡት ሰፊ ቦታ በቀበና ስለሆነ፣ ለጋሲዮኑ ኤምባሲ ከተባለ ዘመን ካለፈ በኋላም የታክሲ ረዳቱ ከ4 ኪሎ «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያለ ይጣራል። ሌላው ጫፍ ለገሃር ነው፤ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው ጣቢያ በፈረንሳይኛ የነበረውን ስም በአማርኛ አፍ ለሠፈሩ አውርሶታል።

ባቡሩ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ሌሊት ስለማይጓዝ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው አንዱን ሌሊት አዋሽ፣ ሌላውን ድሬዳዋ ያድራል። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው ቡፌ ዳዋሽ ስሙ የወጣው በዚህ አዳር ነው። ኋላ ጉዞው አጠረ፤ ሊቶሪና የሚባለው ፈጣን ባቡርም መጣ። መንደሮች በየጣቢያው በቀሉ፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬና የተቀቀለ በቆሎ በመስኮት መሸጥ ለብዙ የገጠር ቤተ ሰብ ሙሉ መተዳደሪያ ሆነ። ይህን ያነሣነው በምክንያት ነው፤ አዲሱ ባቡር ይህን ገበያ አልተካውም።

ያ መስመር መከራም አይቷል። በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ድልድዮቹ ፈርሰው አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ በማግሥቱ ዓመት ቀጠለ። በጥር 1977 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር በጠመዝማዛ ድልድይ ላይ ከፍጥነት የተነሣ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል በመግባቱ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይኸው እንደሆነ ይነገራል። ሐዲዱ እያረጀ፣ መለዋወጫ እየጠፋ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የነበረው ጉዞ ቆመ።

መንገደኛው ዛሬ ምን ይምረጥ?

አውሮፕላኑን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። ከቦሌ ጅቡቲ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለቀበና ነዋሪም ቦሌ ከሁሉም ጣቢያዎች ይቀርባል። ሕመምተኛ ለሚወስድ፣ በዕድሜ ለገፋ ሰው፣ ቀጠሮ ላለበት ይህ ያለ ክርክር የተሻለ ነው። ጉዳቱ ሁለት ነው፤ ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይላል፣ የሻንጣም ክብደት የተወሰነ ነው። ለዘመድ በርበሬ፣ ሽሮና ቅቤ ይዞ የሚሄድ ሰው ትርፍ ኪሎ ሲመዘንበት ያኔ ይነቃል።

አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል፣ ጥር 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል ተመርቆ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎቱን ጀመረ። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሮጌው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ብቻ ስፋት ሲኖረው፣ አዲሱ አንድ ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ በኤሌክትሪክም ይሠራል። የሠሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ አብዛኛው ገንዘብ የመጣውም ከቻይና በብድር ነው። መስመሩ ከሰበታ ተነሥቶ በፉሪ ለቡ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በሚኤሶና በድሬዳዋ አድርጎ በደወሌ ወሰን ይሻገራል፤ በአሊ ሳቢህ በኩልም ናጋድ ይደርሳል።

ሲታቀድ ጉዞው ከ10 እስከ 12 ሰዓት እንዲፈጅ ነበር። በሥራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይዘገያል። የኤሌክትሪክ መቋረጥ አንዱ ምክንያት ነው፤ ከብትና ግመል በሐዲዱ ላይ መግባታቸው ሌላው ነው። ቢሆንም በዚህ ጸሐፊ ግምት ለደኅነኛ መንገደኛ፣ በተለይም ልጆች ይዞ ለሚጓዝ፣ ባቡሩ ከአስፋልቱ ይመረጣል። መንገዱ ረጅም ነው፤ በመኪና አደጋ ደግሞ አገራችን የምታጣው ሰው ብዛት የታወቀ ነው። በባቡር ውስጥ ተነሥቶ መራመድ፣ ሕፃን ማስተኛት፣ ውሃ መጠጣት ይቻላል።

ችግሩ ከባቡሩ ውስጥ ሳይሆን ከባቡሩ በፊትና በኋላ ነው። አሮጌዎቹ ጣቢያዎች በከተሞቹ እምብርት ነበሩ፤ ከቀበና ለገሃር በአንድ አውቶቡስ ይደረስ ነበር። የአዲሶቹ ጣቢያዎች አሠራር ሐዲዱን ቀጥ አድርጎ ለማሳለፍ ስለታሰበ ከከተማ ውጭ ርቀው ተቀምጠዋል። ፉሪ ለቡ ለመድረስ የቀበና ሰው አዲስ አበባን ከሰሜን ምሥራቅ እስከ ደቡብ ምዕራብ ማቋረጥ አለበት። ባቡሩ በማለዳ ሲነሣ ደግሞ ታክሲ ሳይጀምር ከቤት መውጣት ግድ ነው። የድሬዳዋውም ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው፤ ናጋድም ከጅቡቲ ከተማ ዳር ነው። በእነዚህ ሦስት ስፍራዎች ለባጃጅና ለታክሲ የሚወጣው ገንዘብ ሲደመር የቲኬቱን ርካሽነት ይበላዋል። ስለዚህ ሒሳብ የሚያሰላ መንገደኛ ከደጃፉ እስከ ደጃፍ ያለውን ወጪ ሁሉ ማስላት ይኖርበታል።

ሌላም ማስታወስ የሚገባ ነገር አለ። የመንገደኛ ባቡር የሚነሣበት ቀንና ሰዓት ስለሚለዋወጥ፣ እስከ ናጋድ የሚዘልቅ ወይም ድሬዳዋ ላይ የሚቆም መሆኑን ሳያረጋግጡ ከቤት መነሣት አይገባም። ወሰን የሚሻገር ሰው ፓስፖርቱ ያልተቃጠለ መሆኑን፣ የመግቢያ ፈቃዱንም በተመለከተ ከጅቡቲ ኤምባሲ የወቅቱን ደንብ መጠየቅ አለበት። ደወሌ ላይ ተመልሶ ድሬዳዋ ማደር ከማናቸውም ቲኬት ይበልጥ ያስከፍላል።

አውቶቡስን የሚመርጥ ሰው ደግሞ ጉዞውን ለሁለት ቢከፍለው ይሻለዋል። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ መነሻውን አቅልሎታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን በከባድ መኪናዎች የተጨናነቀ ነው። አዲስ አበባ ድሬዳዋ 515 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሙሉ ቀን ይወስዳል። በዚያ አድሮ፣ ገላን ታጥቦ፣ ወደ ወሰኑ የሚሄደውን መኪና መያዝ ይቻላል። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የሚጓዙ አውቶቡሶች ብዙውን ጊዜ ሌሊት የሚነሡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቀኑን ሐሩር ለመሸሽ ነው። ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሚኖር ከተማ የመጣ ሰው በአንድ ቀን ባሕር ወለል ሲደርስ፣ በተለይም ከግንቦት እስከ መስከረም፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይጠብቀዋል። ካፖርቱን ቀበና ትቶ ውሃ ይያዝ።

አንዳንዶች በጭነት መኪና ጋቢና ተለምነው በአዋሽ አርባ፣ በሚሌና በጋላፊ በኩል ይሄዳሉ። ይህ መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የጭነት መስመር ነው፤ ሾፌሩ በጉምሩክ ሰልፍ አንድም ሁለትም ቀን ሊቆም ይችላል፤ በአካባቢው ግጭት ሲነሣም መንገዱ የተዘጋበት ጊዜ አለ። ለሾፌሩ እንጀራው ነው፤ ለመንገደኛ ግን የሚመከር አይደለም።

ጭነቱስ?

አሁን ወደ ገበሬው ጉዳይ እንምጣ። ማዳበሪያ በመርከብ በብትን መጥቶ በጅቡቲ ወደብ በኩንታል ይታሸጋል፤ ከዚያም በባቡር ወይም በተሳቢ መኪና ይጫናል። አንድ ተሳቢ መኪና 400 ኩንታል ያህል ይይዛል። አንድ ፉርጎ 600 ኩንታል ቢይዝና ባቡሩ 40 ፉርጎ ቢስብ 24,000 ኩንታል በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ ማለት ነው፤ ይህም የ60 ተሳቢ መኪናዎች ጭነት ነው። ለ60 መኪና 60 ሾፌርና ረዳት፣ ነዳጅና ጎማ ያስፈልጋል፤ ነዳጁና ጎማው ደግሞ በዚያው ወደብ በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ናቸው። ኤሌክትሪኩ ግን የአገር ውስጥ ነው። በኮንቴይነርም ቢታሰብ አንድ ባቡር ከ100 በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነሮች ሊጎትት ይችላል።

ይህ ሁሉ በባቡሩ በኩል የሚያደላ ይመስላል፤ ለሞጆ፣ ለአድአና ለአዳማ አካባቢ ገበሬም እውነት ነው። ባቡሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ያራግፋል፤ ከዚያ እስከ ገበሬው ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ያለው መንገድ አጭር ነው። የጎጃምና የወሎ ገበሬ ሁኔታ ግን የተለየ ነው። ለእርሱ የታሰበ ማዳበሪያ በባቡር ሞጆ ቢመጣ ተራግፎ፣ እንደገና በመኪና ተጭኖ፣ አዲስ አበባን አልፎ ወይም ዞሮ ዓባይን መሻገር አለበት። ሁለት ጊዜ ማራገፍና መጫን ሁለት ጊዜ የጉልበት ሠራተኛ መክፈል፣ ሁለት ጊዜ ከረጢት መቅደድ ነው። ስለዚህ ወደ ወሎ የሚሄደው ከጋላፊ በሚሌ በኩል በቀጥታ በመኪና ወደ ኮምቦልቻ ቢወጣ ይቀላል። ይህን እንዲለውጥ ተብሎ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ ባቡር፣ ሐዲዱ ቢዘረጋም የኤሌክትሪክ ኃይል በጊዜው ባለመገኘቱና በሰሜኑ ጦርነት በደረሰበት ጉዳት እጅግ ዘግይቷል። ያ መስመር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የወሎ ገበሬ የመጓጓዣ ምርጫ አንድ መሆኑ ይቀራል።

ስለ ወቅቱም ቃል ማለት ያስፈልጋል። በቆሎና ማሽላ የሚዘሩበት ጊዜ ከጤፉ ይቀድማል፤ በሚያዝያና በግንቦት ማዳበሪያ ያላገኘ የበቆሎ ገበሬ በሐምሌ ቢያገኘው ጥቅሙ ለጎረቤቱ ጤፍ እንጂ ለእርሱ አይደለም። ከዚህም በላይ ክረምቱ ከገባ በኋላ የገጠር መንገድ ጭቃ ስለሚሆን፣ ከወደቡ በፍጥነት የወጣው ጭነት ከወረዳው ከተማ እስከ ቀበሌው ባለው በ20 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ሳምንት ሊቆም ይችላል። ስለዚህ በወደቡና በሞጆ መካከል ሁለት ቀን ለመቆጠብ የሚደረገው ክርክር ተገቢ ቢሆንም፣ ከመርከቡ ግዥ መዘግየትና ከመጨረሻው የጭቃ መንገድ ጋር ሲነጻጸር ትንሹ ክፍል ነው።

ወደ ውጭ ስለሚሄደው ደግሞ። የአገራችን ገቢ ዕቃ ከወጪው በክብደት እጅግ ስለሚበልጥ፣ ባቡሩም መኪናውም ሞልተው መጥተው አብዛኛውን ጊዜ ባዷቸውን ወይም ጎደሎ ይመለሳሉ። ይህ ለአገሪቱ ኪሳራ ነው፤ ለአምራቹ ግን በር ነው። ወደ ወደብ የሚመለስ ባዶ መኪና ባለቤት ነዳጁን ለመቻል ሲል በርካሽ መጫን ይፈልጋል። ቡናና ቦሎቄ፣ ሰሊጥና ሽምብራ ቀን የማይበላቸው ስለሆኑ ሦስት ቀን ፉርጎ ቢጠብቁ አይጎዱም፤ በባቡር መሄዳቸው ትክክል ነው። አንድ የገበሬ ማኅበር ብቻውን ፉርጎ ሊሞላ ባይችል፣ ከጎረቤት ማኅበራት ጋር በዩኒየን አማካይነት ጭነቱን ቢያሰባስብ ዋጋ ለመደራደር ይችላል። በግል ለየብቻ ደላላ ፈልጎ የሚጭን ሰው ግን የመኪናውን ባዶ መመለስ ጥቅም ለደላላው አሳልፎ ይሰጣል።

አትክልት ሌላ ነገር ነው። ጅቡቲ ዝናብ የማያውቃት፣ የሚታረስ መሬት የሌላት ናት ለማለት ይቻላል፤ የሕዝቧም ቁጥር አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። ድንቹም፣ ሽንኩርቱም፣ ቲማቲሙም ከጎረቤት ይገባል፤ አብዛኛው ከሐረርጌ ደጋና ከድሬዳዋ ዙሪያ የሚሄድ ነው። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የጅቡቲ የመጠጥ ውሃ እንኳ ከፊሉ በሶማሌ ክልል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች 100 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ ይሄዳል፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም ኤሌክትሪክ ከእኛ ትገዛለች። አትክልቱ ግን በቧንቧም በሽቦም አይሄድም። ቲማቲም ከተቀጠፈ በኋላም ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይበሰብሳል። በቆላው ፀሐይ ሸራ ለብሶ የቆመ መኪና ለቲማቲም ምድጃ ነው። ስለዚህ የሐረርጌ ነጋዴዎች ከሰዓት በኋላ ለቅመው ማምሻውን ጭነው ሌሊት የሚነዱት ልምድ ያስተማራቸውን ነው። ቲማቲም በጆንያ ሳይሆን በእንጨት ሳጥን፣ ሽንኩርት አየር በሚያስገባ ከረጢት መሄድ አለበት። የተቆረጠና የታመመ ድንች በመካከል ከገባ ጎረቤቱን ይዞ ይበሰብሳልና ከማሳው ላይ መልቀም ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ መኪናው ባቡሩን ይበልጣል፤ በሰዓቱ ይነሣል፣ ሳያራግፍ ገበያው ድረስ ይገባል። ባቡሩ የሚበልጠው ማቀዝቀዣ ያለው ኮንቴይነር በቋሚነት ሲኖረውና በቀጠሮው ሰዓት ሲነሣ ብቻ ነው።

ጫት የሚባለው ሸቀጥ ይህን ትምህርት ለማንም ሳይጠይቅ ተምሮታል። ከሁለት ቀን በኋላ ዋጋ የለውምና ከማሳው ተቆርጦ በማግሥቱ ቀትር ጅቡቲ መድረስ አለበት፤ ይደርሳልም። የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ስለ ጫት ያማረ አይደለም፤ ነገር ግን ለጫት የሚደረገው ጥድፊያ ግማሹ ለቲማቲም ቢደረግ የሐረርጌ ገበሬ ስንት ኩንታል ከመጣል ይድን እንደነበር ማሰብ አይከለከልም።

የእኛው የእንጦጦና የየካ ገበሬ ድንችና ገብስ ጅቡቲ አይሄድም፤ በአህያ ወርዶ ሾላ ገበያ ያልቃል። ቢሆንም አህያዋ የምታስተምረው ነገር አለ። ከማሳ እስከ መጀመሪያው የመኪና መንገድ ያለው አንድ ሰዓት በኩንታል ሲሰላ ከየትኛውም የባቡር ታሪፍ ይወደዳል። አውራ መንገድ የወጣ ኩንታል ጅቡቲም ይድረስ መርካቶ የቀረው ወጪ በኪሎ ሜትር ሲካፈል ሳንቲም ነው።

ሐዲዱ የሚያልፍባቸው

አዲሱ መስመር ከአዋሽ በታች የሚያልፈው በከራዩ፣ በአፋርና በኢሳ አርብቶ አደሮች መሬት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ባቡር መጓጓዣ ሳይሆን በግጦሹና በውሃው መካከል የሚገባ አጥር ሆኖ ታይቷል። ግመልና ላም በሐዲዱ ላይ ተገጭተው ሞተዋል፤ በዚህም ክስና የካሣ ክርክር ተነሥቷል፤ ባቡሩም በእነዚህ ስፍራዎች ፍጥነቱን ለመቀነስ ተገዷል። አንዲት የምታልብ ግመል ለቤተ ሰቡ ቀለብም፣ የበጋ ውሃ ማጓጓዣም፣ የዘመድ ጥሎሽም ናት፤ በገንዘብ መከፈሏ ብቻውን አይበቃም። በሐዲዱ ሥር የተሠሩት መተላለፊያዎች ለጎርፍና ለሰው ሲበቁ ለግመል መንጋ ሁልጊዜ አይበቁም፤ ከመንጋው የቆየ መንገድ ጋርም አይገጥሙም። ሽማግሌዎቹ መንጋው በየትኛው ወር የት እንደሚሻገር ያውቃሉና፣ መተላለፊያ ሲጨመር እነርሱን ጠይቆ ቦታውን መምረጥ ከካሣው ይረክሳል። ሥራውን በ2016 ዓ.ም. ከቻይናውያን የተረከቡት የሁለቱ አገር ባለሙያዎች ይህን ቢያስቡበት ባቡሩም ሰዓቱን ያገኛል።

አሮጌው ባቡር በየጣቢያው ቆሞ ወተትና ፍራፍሬ ያስገዛ ነበር ብለናል። አዲሱ ባቡር በጥቂት ጣቢያ ብቻ ይቆማል፤ መስኮቱም አይከፈትም። ለከተማው ሰው ፍጥነት የሆነው ለሚኤሶና ለኤረር ሴቶች የገበያ መዘጋት ሆኗል። በትልልቆቹ ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ ለአካባቢው ሻጮች ጥላ ያለው ስፍራ መስጠት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

አራተኛው መንገድ

ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከትግራይና ከሐረርጌ የሚነሡ ብዙ ወጣቶች ወደ ጅቡቲ የሚሻገሩት በአውሮፕላንም በባቡርም አይደለም። መዳረሻቸው ጅቡቲ ሳትሆን ሳዑዲ ዓረቢያ ናት። በአፋር ወይም በድሬዳዋ በኩል ወሰን ጥሰው፣ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር በሚሆነው በአሳል ሐይቅ አካባቢ በእግር አልፈው፣ ኦቦክ ይወርዳሉ። ከዚያ ጀልባ ይጠብቃሉ። አገሩ ድንጋይና ጨው ነው፤ ውሃ የለም፤ በመንገዱ ዳር በድንጋይ ክምር የተለዩ መቃብሮች አሉ።

ይህን መንገድ የሚመርጡት ርካሽ መስሏቸው ነው። ነገር ግን ርካሽ አይደለም። ደላላው መነሻ ይቀበላል፤ ወሰን ላይ ይጨመራል፤ ከባሕሩ ማዶ ደግሞ አጋቾች ልጁን ይዘው ለቤተ ሰቡ ስልክ ያስደውላሉ። ያን ጊዜ አባት ጥማድ በሬውን ይሸጣል፤ እናት ከዘመድ ትበደራለች። በሬ የሌለው ገበሬ በቀጣዩ ክረምት መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ የልጁ ጉዞ ዋጋም በእርሻው ላይ ለዓመታት ይቆጠራል። የአንድ ሕጋዊ መንገደኛ የባቡር ቲኬት፣ የፓስፖርትና የአውሮፕላን ወጪ በአንድነት ቢደመር የዚህን ሩቡን እንኳ አይደርስም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመጋቢት መጨረሻ 2016 ዓ.ም. ከየመን ወደ ጅቡቲ ይመለሱ የነበሩ ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ በኦቦክ ጠረፍ፣ ጎዶሪያ በሚባለው ስፍራ ሰጠመች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወይም እንደሞላ በሚያዝያ ሌላ ጀልባ በዚያው ጠረፍ ሰጠመች። በሁለቱ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ልብ ይባል፤ እነዚህ ሲሄዱ የነበሩ ሳይሆኑ፣ የመን ደርሰው ጦርነትና ረኃብ አይተው፣ ወደ አገራቸው ለመመለስ የተሣፈሩ ነበሩ።

በቀበናና በየካ ከገጠር ዘመድ የሌለው ቤት የለም። አንድ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ በድንገት መጥቶ ሁለት ቀን አድሮ፣ ድሬዳዋ ሥራ አገኘሁ ብሎ ያለ ፓስፖርት ሲነሣ፣ የት እንደሚሄድ መጠየቅ የአጎቱና የአክስቱ ድርሻ ነው። ልጁ ዕድሜውና ትምህርቱ ከፈቀደለት፣ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ መሠረት ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ተመዝግቦ በቦሌ መሄድ ይችላል። ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆን አለመሆኑን ደግሞ ከመንግሥቱ የሥራ ቢሮ መጠየቅ ይቻላል።

መመለስ ለሚፈልጉት ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በኦቦክ ባቋቋመው ማዕከል ውሃ፣ ሕክምናና ማረፊያ ይሰጣል። ሰነዳቸው በኤምባሲው ከተዘጋጀ በኋላ ወደ አገር ይሸኛሉ። በረሃውን በእግር ለማለፍ ቀናትና ሳምንታት የፈጀባቸው ወጣቶች በአውሮፕላን ሲመለሱ ቦሌ የሚደርሱት አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ በሆነ ጊዜ ነው፤ ከዚያም የወሎው ልጅ ከላምበረት መናኸሪያ የደሴን አውቶቡስ ይይዛል።